ነጥቡ የቆመው መርከቡ ስለቆመ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጻፈልኝ ኮዬ ፈጬ ላይ አክስቱ ሱቅ ውስጥ የማብሰያ ጋዝ የሚሸጥ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አከፋፋያችን ‹መርከቡ ጅቡቲ ደርሷል፣ ሰሞኑን ጋዝ ይገባል› ይለናል። የመርከቡን ስምና ቁጥር ተቀብዬ ስልኬ ላይ ሳየው ግን ሶማሊያ ቦሳሶ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ዝርዝሩ ላይ ደግሞ ጂቲ 3,240፣ ዲደብሊውቲ 3,850፣ የታንክ አቅም 3,514 ኪዩብ ይላል። የጋዙ ልክ የትኛው ነው? ሰውዬው እየዋሸን ይሆን? አክስቴ ከደንበኛ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቷታል።»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልስጥህ። ሰውዬው የዋሸ አይመስለኝም። ካርታውም አልተሳሳተም። ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ሰዓት ነው።

እኔ ጋዝ በሚጭኑ ትናንሽ መርከቦች ላይ ለዓመታት በመኮንንነት ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነጫጭ የጋዝ ቦቴዎች በገላን በኩል ሲመጡ አያለሁ። ከየት ተነስተው፣ ምን ያህል ጠብቀው እዚህ እንደደረሱ ስለማውቅ ጥያቄህን እንዲሁ ማለፍ አልቻልኩም።

የላክልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። አንተ ያየኸው የመርከቡን ምልክት ነው። ከምልክቱ ሥር ግን በደቃቅ ጽሑፍ «ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው ከ31 ሰዓት በፊት» ይላል። ከጎኑ ፍጥነቱ 11.8 ኖት ተብሎ ተጽፏል (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)። የቆመ መርከብ ደግሞ 11.8 ኖት አይሄድም። ስለዚህ ያ ነጥብ መርከቡ አሁን ያለበት ቦታ አይደለም፣ ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ስላልሰማው ካርታው ነጥቡን እዚያው ትቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቦች ላይ ኤ አይ ኤስ የሚባል ሬዲዮ አለ። ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይናገራል፦ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት ወዴት እንደሚሄድ። ሲጓዝ በየ2 እስከ 10 ሰከንድ፣ መልሕቅ ጥሎ ሲቆም በየ3 ደቂቃው። ስሙን፣ መዳረሻውንና ድራፍቱን (ውኃ ውስጥ የጠለቀበትን ልክ) ደግሞ በየ6 ደቂቃ ይደግማል። ከአገር አገር የሚጓዝ 300 ጂቲና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ ይህን የመያዝ ግዴታ አለበት (ጂቲ የመርከብ ትልቅነት መለኪያ ነው፣ እመለስበታለሁ)። የተሠራው መርከቦች እንዳይጋጩ ነው እንጂ እኛ ከሱቅ ሆነን እንድናያቸው አልነበረም። የሬዲዮ ሞገዱ 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፣ እንዲህ ያለ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ የምድርን ክብነት ተከትሎ አይታጠፍም። የብስ ላይ የተተከለ አንቴና አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው ከ20 እስከ 40 የባሕር ማይል ድረስ ነው። መርከቡ ከዚያ ከራቀ የሚሰማው ሳተላይት ብቻ ነው። የሳተላይቱን መረጃ ደግሞ እንደ ማሪን ትራፊክና ቬሰል ፋይንደር ያሉት የመርከብ መከታተያ ድረ ገጾች በአብዛኛው ለከፈለ ሰው ነው የሚያሳዩት። አንተ በነፃው ስለምትጠቀም መርከቡ ከባሕር ዳርቻው ራቅ ሲል ጠፋብህ ማለት ነው።

አሁን እናስላው። 31 ሰዓት በ11.8 ኖት ሲባዛ ወደ 366 የባሕር ማይል ይሆናል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 677 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሳሶ ፊት ለፊት እስከ ጅቡቲ ያለው ርቀት ደግሞ 360 የባሕር ማይል አካባቢ ነው። አየህ? ፍጥነቱን ካልቀነሰ አንተ ስትጽፍልኝ መርከቡ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ነበር። «ደርሷል» ያለህ ሰው ከወደቡ ኤጀንት (መርከቡን እዚያ ከሚወክለው ሰው) ሰምቶ ይሆናል፣ ኤጀንቱ ደግሞ ከካፒቴኑ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ያዝ። እነዚህ ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ 3 መቀነስ ነው፣ በቃ። ዩቲሲ 14 ሰዓት ካለ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ዩቲሲ 6 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት። 20 ካለ ደግሞ 17 ይመጣልሃል፣ 12 ስትቀንስለት ከሌሊቱ 5 ሰዓት። መርከብ ላይ እያለሁ ለእናቴ ስደውል የምጠቀምበት ስሌት ይሄ ነበር።

ስክሪኑ ላይ ከምታያቸው ነገሮች የትኛውን ትመን? ቦታው፣ ፍጥነቱና አቅጣጫው በቀጥታ ከጂፒኤስ ነው የሚገቡት። ስለዚህ በአብዛኛው ትክክል ናቸው (ቀይ ባሕር አካባቢ ጂፒኤስ ራሱ የሚታወክበት ጊዜ አለ፣ እሱ ሲሆን መርከቡ የብስ ላይ ሲሄድ ታየዋለህ፣ አትደንግጥ)። መዳረሻው፣ የመድረሻ ሰዓቱ፣ ድራፍቱ፣ «መልሕቅ ላይ» ወይም «በጉዞ ላይ» የሚለው ግን በሰው እጅ የሚሞሉ ናቸው። የሚሞላው ደግሞ እንቅልፍ ያልጠገበ ወጣት መኮንን ነው። አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። መልሕቅ ስበን ተነሳን። ሰንሰለቱ እየተንኳኳ ሲገባ ጭቃው በውኃ ይታጠባል፣ ፓይለቱ (መንገድ የሚያሳየን መርከብ መሪ) በመሰላል እየወጣ ነው፣ ካፒቴኑ በሬዲዮ ያወራል። እኔ ከመሪው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም እየመዘገብኩ ነበር። ከ6 ሰዓት በኋላ ተረኛው ሲመጣ ነው ኤ አይ ኤሱ አሁንም «መልሕቅ ላይ» እያለ በ12 ኖት እንደምንጓዝ ያየው። እንዲህ ዓይነት ነገር በየቀኑ ይፈጠራል። ስለዚህ ጽሑፉና ፍጥነቱ ካልተስማሙልህ ፍጥነቱን እመን።

ነጥቡ የሚጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ። ካፒቴኑ ለመርከቡ ደኅንነት ከሰጋ ኤ አይ ኤሱን እንዲያጠፋ ሕጉ ይፈቅድለታል። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው። በመዳረሻው ቦታ ላይ የወደብ ስም ትተው «የታጠቁ ጠባቂዎች አሉን» ብለው የሚጽፉም አሉ። ይህን ካየህ ከጥንቃቄ መሆኑን እወቅ። የዚህ መስመር አደጋ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር ወር ፋልከን የሚባል የካሜሩን ባንዲራ የያዘ የኤል ፒ ጂ (የማብሰያ ጋዝ) መርከብ ከኦማን ሶሃር ወደ ጅቡቲ ሲመጣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ፍንዳታ ደርሶበት በእሳት ተያያዘ። ከ26 መርከበኞች 24ቱ ሲድኑ ሁለቱ ጠፉ። ምድጃ በለኮስኩ ቁጥር እነዚያ ሁለቱ ትዝ ይሉኛል።

ወደ ቁጥሮቹ ልግባ። በስም አትፈልግ። ትናንሽ የጋዝ መርከቦች ከእጅ እጅ ይሸጣሉ፣ በተሸጡ ቁጥር ስማቸው ይቀየራል። አንድ ዓይነት ስም ያላቸውም ሞልተዋል። የማይቀየረው የአይ ኤም ኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥር ነው። 7 አሃዝ ነው፣ ከመርከቡ ጋር ተወልዶ ቁርጥራጭ ብረት እስኪሆን አብሮት ይኖራል። አካሉ ላይም በማይለቅ ምልክት ይጻፋል። ሰው አሳስቶ እንዳልጻፈልህ ራስህ ማጣራት ትችላለህ። የመጀመሪያዎቹን 6 አሃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ በ6፣ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 አባዛቸውና ደምር። የድምሩ የመጨረሻ አሃዝ ከሰባተኛው አሃዝ ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ 9074729 ቢሆን፦ 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21፣ 4። ድምሩ 139። መጨረሻው 9፣ ሰባተኛውም 9። ገጠመ። አንተ የላክኸውንም ሠርቼዋለሁ፣ ይገጥማል።

ሌላው ባለ 9 አሃዙ፣ ኤም ኤም ኤስ አይ የሚሉት፣ የሬዲዮው ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዞች ባንዲራውን፣ ማለትም የተመዘገበበትን አገር ይናገራሉ። የኛ አገር 624 ነው፣ የጅቡቲ 621፣ የላይቤሪያ 636። መርከቡ ባንዲራ ሲቀይር ይሄ ቁጥር አብሮ ይቀየራል። ባለቤቱንና የመረመረውን ተቋም ማወቅ ከፈለግህ ኢኳሲስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ተመዝግበህ ገብተህ በአይ ኤም ኦ ቁጥሩ ፈልግ። ነፃ ነው።

አሁን ዋናው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ጂቲ (ግሮስ ቶኔጅ) ክብደት አይደለም። ስሙ «ቶን» ስላለበት ያሳስታል እንጂ የመርከቡ የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው፣ የሚጠቅመውም ለወደብ ክፍያና ለሕግ ነው። እርሳው። ዲደብሊውቲ ክብደት ነው፣ ግን የጋዙ ብቻ አይደለም። ጭነቱ፣ ነዳጁ፣ ውኃው፣ ስንቁ፣ ሰዉም ከነሻንጣው ተደምሮ መርከቡ ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። 3,850 ቶን ስላለ 3,850 ቶን ጋዝ ይመጣል ማለት አይደለም። አክስትህ በዚህ ቁጥር ተስፋ አድርጋ ከሆነ ዛሬውኑ ንገራት።

አንተ የምትፈልገው ኪዩቡን ነው። 3,514 ኪዩቢክ ሜትር። የዚህ ዓይነት መርከብ ሆዱ ውስጥ ሁለት ግዙፍ የተጋደሙ ሲሊንደሮች አሉ። ሱቃችሁ ካለው ሲሊንደር በዓይነቱ አይለይም፣ መጠኑ ነው የሚለየው። ብረቱ ወፍራም ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 18 ባር ግፊት እንዲችል ተደርጎ ነው የሚሠራው። ጋዙን ፈሳሽ አድርጎ የሚይዘው ያው ግፊቱ ነው፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ትልልቆቹ ሌላ ዓለም ናቸው። 84,000 ኪዩብ የሚጭኑ አሉ፣ የአንተን መርከብ 24 እጥፍ ማለት ነው፣ እነሱ ፕሮፔኑን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ አቀዝቅዘው ነው የሚያመጡት። እንዲህ ያለውን የሚቀበል ትልቅ የቀዝቃዛ ታንክ በሌለበት ወደብ ግን ትንሹ ነው የሚሻለው። 96 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ወርድ፣ ጥልቀት በሌለውም ወደብ ይገባል።

ታንኩ እስከ አፉ አይሞላም። ፈሳሽ ጋዝ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የሚለጠጥበት ባዶ ቦታ ካላገኘ ብረቱን ይሰነጥቃል። ሕጉ እስከ 98 በመቶ ይላል፣ ያ ግን ጋዙ በጣም ሲሞቅ የሚኖረው ልክ ነው። ስንጭን ያንን አስቀድመን አስልተን ስለሆነ በተግባር 90 በመቶ አካባቢ ላይ እንዘጋለን። ጋዙ ራሱ ደግሞ ከውኃ በጣም ይቀልላል። የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ በዚያ ሙቀት አንድ ኪዩቡ ግማሽ ቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሁሉንም ስታባዛው 1,700 ቶን ገደማ ይመጣል። በ12.5 ኪሎ ሲሊንደር ስትቆጥረው ወደ 136,000 ሲሊንደር። ብዙ ይመስላል። ይህን ሁሉ ከተማ አስበውና ደግመህ ፍረድ።

«ታዲያ 3,850 ቶን መሸከም ከቻለ ለምን 1,700 ብቻ?» ትለኝ ይሆናል። መርከቡ ከማብሰያ ጋዝ የከበደ ነገርም እንዲጭን ታስቦ ስለተሠራ ነው። ለምሳሌ ፕላስቲክ የሚሠራበት ቪኒል ክሎራይድ የሚባል ጋዝ አለ፣ ክብደቱ ወደ ውኃ ይጠጋል። የኛን ጋዝ ሲይዝ ታንኩ ይሞላል፣ መርከቡ ግን ቀሎ ይንሳፈፋል። ፎቶህ ላይ ድራፍቱ ከመጨረሻው ልክ ከ5.7 ሜትር ያነሰ መሆኑን አይተህ «ጎደሎ ነው» ብለህ ከሆነ ጎደሎ አይደለም።  ነገር ግን በድራፍቱ ጭነቱን ልመዝን እንዳትል። ጋዙ ሲወርድ የባላስት ውኃ (ለክብደት የሚያዝ የባሕር ውኃ) ይሞላበታል፣ ያለበለዚያ ነፋስ ያንገዋልለዋል። ድራፍቱ ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም የሚለውን ብቻ እይ።

አሁን «ደረሰ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህች ቃል ነው። ለካፒቴኑ ደረሰ ማለት የወደቡ ክልል ገብቶ «ለማራገፍ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ማስታወቂያ መስጠት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመጠበቂያ ሰዓት ይቆጠርለታል፣ ስለዚህ አይዘገይም። ለወደቡ ደረሰ ማለት ገመድ ታስሮ ማራገፊያው ላይ መቆሙ ነው። በሁለቱ መካከል መልሕቅ ላይ ጥበቃ አለ፣ አንድ ሌሊትም ሊሆን ይችላል፣ ሳምንትም። ለአክስትህ ደግሞ ደረሰ ማለት ሲሊንደሩ ሱቁ በር ላይ መውረዱ ነው። ቀጥሎ ስትደውልለት «ደረሰ ወይ?» አትበለው። «ታስሯል ወይስ መልሕቅ ላይ ነው?» በለው። መልሱን ካርታው ላይ ራስህ ታረጋግጣለህ፦ ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ ነጥቡ ውኃ መሃል በነፋስ ክብ እየሠራ ከሆነ መልሕቅ ላይ ነው፣ ማራገፊያው ላይ ተለጥፎ የማይወዛወዝ ከሆነ ታስሯል።

ከታሰረ በኋላስ? የመርከቡ ፓምፖች ችግር የለባቸውም። ሁለት ፓምፕ እያንዳንዱ በሰዓት 300 ኪዩብ ቢገፋ በግማሽ ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል። የሚያዘገየው የብስ ነው። በቂ ታንክ በሌለበት አንድ ወደብ መርከባችን በቀጥታ ወደ ቦቴ ሲያራግፍ አይቻለሁ። ቱቦው ይገጠማል፣ ይፈተሻል፣ በዝግታ ይከፈታል፣ ቦቴው ይሞላል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ግፊት ይለቀቃል፣ ያኛው ይወጣል ቀጣዩ ይገባል። እጄ ቫልቩ ላይ ሆኖ ሾፌሮቹ ጥላ ፍለጋ ጎማ ሥር ተጋድመው ተራ ሲጠብቁ አያቸው ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ቀናት ፈጀ።

አንድ ቦቴ 20 ቶን ያህል ይይዛል ብለን ብንነሳ የአንተ መርከብ 85 ቦቴ ነው። 85 ቦቴ ደግሞ ባንድ ቀን አይነሳም። ጋላፊ ድንበር ላይ ወረቀት አለ፣ ትራንዚተሩ አለ፣ ከዚያ ሚሌ፣ አዋሽ፣ አዳማ እያለ ከባሕር ጠለል ወደ ደጋው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት አለ። ከዚያ ሲሊንደር መሙያው ጋ ወረፋ። የመጀመሪያው ቦቴ ሲደርስ የመጨረሻው ገና ጅቡቲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አክስትህ መርከቡ ታስሯል ስለተባለ ከደንበኛ ቅድመ ክፍያ እንዳትቀበል። ባለፈው እዚሁ ሰፈራችን አንድ ሱቅ «መርከብ ገብቷል» ብሎ የሰው ባዶ ሲሊንደር ሰበሰበ። ሰዉ ሳምንት ሙሉ ከሰል ገዝቶ ሠራ፣ በረንዳ ላይ ጭስ እየታጠነ። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፣ ማንም የነጥቡን ትርጉም አልነገረውም። በኔ አስተያየት ቀን መቁጠር ያለባችሁ የመጀመሪያው ቦቴ ከጋላፊ መነሳቱን ስትሰሙ ነው፣ ያኔም «በዚህ ቀን» ሳይሆን «በዚህ ሳምንት» በሉ።

ዛሬ ማታ 3 ሰዓት ላይ አንዴ ክፈተው። የጅቡቲ አንቴና ከሰማው ነጥቡ ከቦሳሶ ዘልሎ ወደቡ አጠገብ ይታይሃል። እስከ ነገ ማታም ካልዘለለ ወይ ፍጥነቱን ቀንሷል ወይ ሬዲዮውን አጥፍቷል፣ ያኔ አከፋፋዩ የኤጀንቱን መልእክት እንዲያሳይህ ጠይቀው። የምታየውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የመጨረሻው ሰዓት፣ ፍጥነቱና ድራፍቱ በደንብ ይነበቡ።